ስንት ኪሎ ሜትር ልሩጥ?

«ቲቸር፣ አሜሪካ ስኮላርሺፕ ለማግኘት በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ልሩጥ?» ብሎ የጠየቀኝ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ከቢቸና በኩል የመጣች አንዲት ሯጭ አስታወሰኝ። እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ልጅቱ የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቷ ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃዋን፣ በእንግሊዝኛ ሲያዘጋጅ 8 ደመረና 2007 ብሎ ጻፈ። ፓስፖርቷ ግን ኖቬምበር 21 ቀን 2006 ይላል፤ ትክክሉም እሱ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። የአያቷ ስም ደግሞ አንዱ ላይ በአንድ «ቲ»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ቲ» ተጽፏል። ፋይሉን ለሚያየው ፈረንጅ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው። ይታረም ሲባል ክረምት ገባ፤ ማኅተም ያዡ አገር ቤት ሄዷል። እሱ እስኪመለስ የማመልከቻው ቀን አለፈ። ወረቀቱ በሰኔ ሳይሆን በጥር መታየት ነበረበት። መጀመሪያ ፓስፖርት ይወጣል፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ይገለብጣል።

የዛሬ ልጆች የ5 ሺህ ሜትር ሰዓታችሁን እስከ ሰከንድ ክፍልፋይ ትቆጥራላችሁ፤ ትራንስክሪፕታችሁን ግን አይታችሁት አታውቁም። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በአንደኛው ዲቪዚዮን ለመወዳደር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ 16 ዋና ትምህርቶችን ይቆጥራል፦ የ4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ የ3 ዓመት ሒሳብ፣ የ2 ዓመት ሳይንስ፣ የ2 ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ፤ የቀሩት ከእነዚሁና ከመሰሎቻቸው ይሞላሉ። አማካዩ ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። በስፖርት ትምህርት (ኤችፒኢ) 98 ብታመጣ ከቆጠራው አይገባም። ናቹራል የሚመርጥ ልጅ በ9ኛ ክፍል የናቀው ታሪክና ጂኦግራፊ ኋላ የሚፈለግበት እዚህ ላይ ነው።

2.3 ግን በር ማስከፈቻ ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ፣ በዚያው ኦሎምፒክ በቅርጫት ኳስ ወርቅ የወሰደው ቢል ብራድሊ የፕሪንስተን ተማሪ ነበር። ቀጥሎ በሮድስ ስኮላርሺፕ ኦክስፎርድ ገባ። ስኮላርሺፑን ያቋቋመው የሮድስ ኑዛዜ ከዕውቀት ጋር ስፖርትንም ይጠይቅ ነበር፤ ስኮላርሺፑ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ከየትኛውም አገር ለሚመጣ አመልካች የተከፈተ መደብ አለው። እዚያ የሚያደርሰው እግር ብቻ አይደለም። ሩጫ የሌለውን ደግሞ ማን ከቢቸና ያየዋል? ስለዚህ ሩጫህን አትተው።

ኪሎ ሜትሩን ለአሠልጣኝህ ተውለት። አንተ ሰኞ ጠዋት ሪከርድ ክፍል ሂድና የአያትህ ስም እንዴት እንደተጻፈ እይ።