ኦክስፎርድ ለአንድ ቀን፦ ሄኖክን አሳዩኝ ብል ያሳዩኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ለገጣፎ አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሰራው። ክረምት ላይ ለንደን እህቴ ጋ ልሄድ ነው፣ ቪዛው ወጥቷል ተመስገን። አንድ ቀን ኦክስፎርድ ደርሼ ብመጣ ደስ ይለኛል፣ የእህቴ ባል ግን "ላይብረሪዎቹ ለተማሪ ብቻ ናቸው፣ ግንብ አይተሽ ነው የምትመለሽው" ብሎ ተስፋ አስቆረጠኝ። እውነቱን ነው? ደግሞ የኛ መጽሐፈ ሄኖክ እዛ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ እህታችን፣ ሰውየው ያለው ግማሹ እውነት ነው። ቦድሊያን በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ዋና ላይብረሪ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለማንበብ የአንባቢ ካርድ ያስፈልጋል፣ ለጉብኝት ግን ትኬት ቆርጠሽ ከአስጎብኚ ጋር ትገቢያለሽ። ዱክ ሀምፍሪ የሚባለውን ጥንታዊ የንባብ ክፍል ማየት ከፈለግሽ እዛ ደርሼ እቆርጣለሁ እንዳትዪ፣ በነሱ በጋ ሰው ይበዛል፣ እህትሽ ቀደም ብላ በኦንላይን ትያዝልሽ።

መቼም ላይብረሪ ስለምትሰሪ ይሄን ትወጂዋለሽ፦ ቤቱን ቶማስ ቦድሊ አደራጅቶ በ1602 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጀምሮ መጽሐፍ ማዋስ የሚባል ነገር የለም፣ ማንም ይሁን ማን እዛው አንብቦ ይሄዳል። በ1645 ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስ ራሱ አንድ መጽሐፍ አውሱኝ ቢል አይቻልም ተባለ፣ ያውም በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት መቀመጫውን እዛው ኦክስፎርድ አድርጎ እያለ (እኛ ጋ አንድ ተማሪ የወሰደውን ለማስመለስ ስንቴ እንደሚለመን አንቺ ታውቂዋለሽ)። አዲስ አንባቢ እሳት ላያስገባ፣ ላያጨስ ቃል ይገባል፣ እስከዛሬም። ቦታ ስለጠበበ ደግሞ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙው መጽሐፍ ስዊንደን የሚባል ሌላ ከተማ ያለ መጋዘን ገብቷል፣ አንባቢ ሲያዝ በመኪና ነው የሚመጣው።

ወደ ሄኖክ ስንመጣ፣ አዎ አለ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር ቆይቶ በ1773 አውሮፓ ሲመለስ ከያዛቸው ብራናዎች መሀል የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፣ አንዱን ለቦድሊያን ሰጠ፣ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ ያሳተመውም ከዛ ተርጉሞ ነው። እነሱ ሙሉው ጠፍቷል ሲሉ የኛ ሊቃውንት በግዕዝ እያነበቡት ነበር። ግን ጎብኚ አውጡልኝ ቢል አያወጡለትም፣ ለተመራማሪ ነው የሚቀርበው። ቢሆንም የቦድሊያን አንዱ ህንፃ የሆነው ዌስተን ላይብረሪ ምድር ቤቱ ላይ ያለውን ኤግዚቢሽን በነፃ ታያለሽ፣ የሚያሳዩት ነገር ስለሚቀያየር የግዕዝ ብራና ወጥቶ ብታገኚ እድልሽ ነው።

ከዛ ራድክሊፍ ካሜራን፣ ያን ክብ ባለ ጉልላቱን ህንፃ፣ ከውጪ እዪው፣ ውስጡ የንባብ ክፍል ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የቅድስት ማርያም ቤተክርስቲያን ማማ 127 ደረጃ አለው፣ ጉልበትሽ ከፈቀደ ከፍለሽ ውጪ፣ ከተማው በሙሉ ይታያል። ኮሌጆቹን ሁሉ ላዳርስ እንዳትዪ፣ ክራይስት ቸርችን እኔ ብሆን ለክፍያው ስል እዘለዋለሁ፣ በሱ ፈንታ አሽሞሊያንና ፒት ሪቨርስ ሙዚየሞች አሉልሽ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ከለንደን ፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ከለገጣፎ ሜክሲኮ በጠዋቱ ትራፊክ እንደመውረድ በይው። ከቪክቶሪያ የሚነሳው ባስ ይረክሳል ግን ይቆያል። ብቻ ቅዳሜን ተይው፣ ምርቃት ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ስለሆነ ቦድሊያን ውስጥ ዲቪኒቲ ስኩል የሚባለው ያ ጣሪያው የተፈለፈለ አዳራሽ ለጎብኚ ሊዘጋ ይችላል።