ዝቅ ላለች ቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ አንድ መሆን የለበትም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በገባኝ መጠን ላስቀምጠው። የ1970 ሞዴል ቮልስ አለችህ፤ ባለ አራት ብሎን፣ ቸርኬዋ የራሷ 4.5 ኢንች። ፊቷንም ኋላዋንም ዝቅ አስደርገሃታል። አሁን ያለው 155/80 አር 15 ጥርሱ አልቋል፤ መሪውን ስትጠመዝዝ ደግሞ የፊት ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል። ጎሚስታው የኮሮላ 195/65 ይሆናታል አለህ፤ ጓደኛህ አራቱንም 145/65 አድርግ አለህ። ማንን ልስማ ነው ጥያቄው።

ሁለቱንም አትስማ። የጎሚስታው ሐሳብ በቁመት ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚያሳምነው። ሒሳቡን ራስህ ሥራው። 155 ሚሊ ሜትር ስፋቱ ነው፤ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ፣ ማለትም 124። ከላይና ከታች ስለሚቆጠር 248 ይሆናል። 15 ኢንች ቸርኬ 381 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲደመር 629። በዚሁ መንገድ 195/65 ወደ 634 ይመጣል፣ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው። ይህ ጎማ ቢያንስ 5.5 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል። በ4.5 ላይ ሲታሰር ከንፈሩ ይጨበጣል፣ ጎኑ ያብጣል፣ መሃሉ ይጎብጥና መሃሉ ብቻ ይበላል፤ ኩርባ ላይም መኪናዋ ትወላወላለች። በዚያ ላይ በየጎኑ 20 ሚሊ ሜትር ትጨምራለህ፣ ያውም አሁን እየነካህ ባለው ቦታ።

የጓደኛህ 145/65 በውጭ አገር ዝቅ ባሉ ቮልሶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ስማርት የምትባለው ትንሽ መኪና የፊት ጎማ ነው። ቁመቱ ግን 570 አይሞላም። እግሮቹ ላይ የሠራኸው ሥራ ሳይቆጠር፣ በጎማው ብቻ መኪናዋ ሌላ 30 ሚሊ ሜትር ትወርዳለች። የሰፈራችን ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ባሉበት ከተማ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ከኋላ ደግሞ ጭነቱ አለ። የ145/65 ጎማ ጎን ላይ 72 የሚል ቁጥር ታገኛለህ፤ አንዱ ጎማ የሚሸከመው 355 ኪሎ ነው ማለት ነው። የ155/80 ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 82 ነው፣ 475 ኪሎ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ቤተሰብና ዕቃ ጭነህ ወደ አዳማ ስትወርድ 145/65 ከኋላ ካለ፣ የመሸከም ገደቡን እየታከክህ ነው የምትሄደው። በዚያው ፍጥነትም ሞተሩ 10 በመቶ ያህል አብልጦ ይሽከረከራል። ዳገት ላይ ትጎትታለች፣ አልክድም፤ ሜዳ ላይ ግን ስትጮህ ትውላለች።

ስለዚህ የእኔ ምክር የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ማሰብ ነው። ቮልስ ላይ ይህ ከሌላ መኪና ይልቅ ይቀላል፤ ምክንያቱም የፍጥነት መቁጠሪያው ከማርሽ ሳጥኑ ጋር አይገናኝም። የግራውን የፊት እግር የአቧራ ክዳን ብትመለከት መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። የመቁጠሪያው ገመድ ጫፍ በዚያ ወጥቶ ከክዳኑ ጋር ይዞራል። ስለዚህ የኋላው ቁመት የሚለውጠው የሞተሩን ጉልበትና ዙር ነው፤ የፊቱ ደግሞ የምታነበውን ቁጥር። ፊት 145/65 ካደረግህ በእውነተኛ 60 ስትነዳ መቁጠሪያው 66 ይላል፤ 100 ኪሎ ሜትርም 110 ሆኖ ይመዘገባል። ጎማ ቀይሮ «ነዳጅ ቀነሰችልኝ» እያለ የሚፎክር የቮልስ ባለቤት ካጋጠመህ መጀመሪያ የፊት እግሩን ተመልከት።

እኔ ከኋላ 155/80ን አልለቅም። 165/80 በቸርኬህ ይገባል፣ ያምራልም፤ ግን ቁመቱ 645 ስለሆነ ማርሹን ያከብደዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሞተሩ በቀጭኑ አየር ምክንያት ጉልበቱን ቀድሞውኑ ስላጣ፣ እንጦጦ ስትወጣ ልዩነቱ ይታወቅሃል። ከፊት ደግሞ 145/80 (613) ወይም 135/80 (597) ሞክር። ሁለተኛው የሲትሮየን 2ሲቪ ጎማ ነው። የ135ቱ ቁጥርም አብዛኛውን ጊዜ 72 ነው፤ ፊቷ ቀላል ስለሆነ ግን እዚያ አያሳስብም። ወደ 145/65 የምትወርደው ልኩ ካስገደደህ ብቻ ነው።

ልኩን እንዲህ ውሰድ። ነዳጅ ሙላ፤ ታንከሩ ፊት ነው። ተጠባባቂውን ጎማ በቦታው አስቀምጥ፤ ሁለት ወፈር ያሉ ጓደኞችህን የፊት መከላከያው ላይ አስቀምጥ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን ጠምዝዝና በጎማውና በፓራፋንጎው ጠርዝ መካከል ጣትህን አስገባ፤ ከዚያ በሌላው ጎን። ጣት የማይገባበት ቦታ ጉድጓድ ሲገጥምህ ይነካል። ቀጥለህ የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ቀብተህ ሰፈር ውስጥ በዝግታ ዙርና ተመለስ፤ ነጩ ምልክት የት እንዳረፈ ከፓራፋንጎው ሥር በባትሪ መብራት ታያለህ። ምልክቱ የውጭው ጠርዝ ላይ ከሆነ ጠበብ ያለ ጎማ ይፈታዋል። ከላይ ጣሪያው ላይ ከሆነ ግን ስፋት መቀነስ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ወይ አጠር ያለ ጎማ፣ ወይ ፊቷን ትንሽ ማንሳት ነው። እኔ ብሆን አነሳታለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ፊቱ በጣም ወርዶ ኋላው ከፍ ሲል ካስተር የሚሉት ማዕዘን፣ ማለትም የፊት እግር የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው፣ ይቀንሳል፤ መሪው ፍጥነት ሲጨምር መንሳፈፍ ይጀምራል። ብዙዎች ጎማውን ይወቅሳሉ፣ ባላንስ ደጋግመው ያሠራሉ። መፍትሔው የፊት እግሮቹን ከሚይዙት ሁለት አግዳሚ ቱቦዎች ከታችኛው ጀርባ ስስ ብረት ማስገባት ነው። ንፋሱንም ለጎሚስታው አትተወው፤ ለሁሉም መኪና 30 መሙላት ይወዳል። የቮልስ 155 ጎማ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው የሚፈልገው።

ቀጫጭኖቹ ልኮች ጎማ ተራ ብዙ አይገኙም፤ ብዙ ጊዜ ከውጭ በሰው እጅ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ዕድሜያቸውን እይ፤ ጎኑ ላይ 2319 ካለ የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። ጥርሱ አዲስ መስሎ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አትግዛ።

ይህ ሁሉ ከደከመህ ሌላው መንገድ ለኋላ እግር 5.5 ኢንች ቸርኬ ፈልገህ 185/65 መግጠም ነው፤ ቁመቱ 621 ሆኖ ለቮልስ ይስማማታል፣ በየሱቁም አለ። ፋብሪካው ራሱ በ1973 ቢጫና ጥቁር ቀለም ባላት ልዩ ሞዴሉ ላይ 5.5 ኢንች ቸርኬ በ175/70 ገጥሟል። ኋላዋ ዝቅ ሲል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ለፓራፋንጎው ቦታ ታገኛለህ፤ የውስጠኛው ጥርስ ቶሎ መበላቱ ግን አይቀርም። የሌላ መኪና ቸርኬ በስተው ሊገጥሙልህ ከሞከሩ እምቢ በል። ተጠባባቂውን በኋላው ልክ ያዝ፤ ፊት ላይ ለጊዜው ቢገባ ጎሚስታ እስክትደርስ ያደርስሃል፣ ከኋላ ግን አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ ሩቅ ከሄድክ ዲፈረንሻሉን ትጎዳለህ።