የቶንሲል ማደንዘዣው ሲለቅ

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ቶንሲሏ በኦፕራሲዮን ከወጣ 3 ቀኑ ነው። ጉሮሮዋ ላይ ማደንዘዣ ስለተወጋች ብዙም አያማትም ተብለን ነበር። ማታውኑ ግን ለቅሶ ጀመረች፣ አሁን ደግሞ ጆሮዬን ትላለች። የሚያደነዝዝ ስፕሬይ ገዝቼ ልንፋላት? ጎረቤቴም የተረፈኝ ትራማዶል አለ፣ ግማሹን ስጫት እያለችኝ ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ትራማዶሉን መልሺላት። ትራማዶልና ኮዴይን ጉበት ውስጥ ገብተው ወደ ጠንካራ ማስታገሻ ይለወጣሉ፤ ይህን የሚሠራው ኢንዛይም አንዳንድ ሰው ላይ ከመጠን በላይ ፈጣን ስለሆነ በተለመደው መጠን እንኳ ልጅ ትንፋሽ ሊያጥራት፣ ሊቆምባትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 29 ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ነገሩ እኛን በጣም ይመለከተናል። አሜሪካም ቶንሲል ለወጣላቸው ልጆች ኮዴይንን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ትራማዶልን እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክላለች።

መርፌው ሥራውን ሠርቷል። እንደ ቡፒቫኬይን ያለው ማደንዘዣ የሚቆየው ለሰዓታት ነው፣ ስትነቃ እንዳትሰቃይ። ቁስሉ ግን ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ያማል። ጆሮዋ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ጉሮሮውንና ጆሮውን የሚያገናኘው ነርቭ አንድ ስለሆነ ነው። ስፕሬዩን ተይው። የደነዘዘ ጉሮሮ በደንብ አይውጥም፣ ትን ሊላት ይችላል፤ ሲበዛም ልብ ይነካል፣ ያንቀጠቅጣል።

ዋናው ፓራሲታሞል ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ፤ 20 ኪሎ ከሆነች 300 ሚሊግራም ማለት ነው። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ፋርማሲስቱ ያስላልሽ። ብዙዎቻችን ልጁ እስኪያለቅስ እንጠብቃለን፣ ያኔ ደግሞ መዋጡ ራሱ ያማል። በእነዚህ ቀናት ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰሽ ስጫት። አይቡፕሮፌን መጨመር ይቻል እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። አስፕሪን ግን በፍጹም።

መድኃኒቱን ከወሰደች ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ አብያት። ብርድ ይመታታል ብለሽ ቀዝቃዛ ውሃ አትከልክያት፣ ያስታግሳታል። ለብ ያለ አጥሚትም ጥሩ ነው። ጉሮሮዋ ላይ የምታዪው ነጭ ሽፋን መግል አይደለም፣ የቁስሉ ቅርፊት ነው። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲላቀቅ ሕመሙ ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጪ። ቀይ ደም ከተፋች ወይም ደጋግማ የምትውጥ ከሆነ ግን ሌሊትም ይሁን ቀን ድንገተኛ ክፍል ይዘሻት ሂጂ።