ተሳቢ ጎትቶ ዓባይን መውረድ፦ ጥያቄና መልስ

እሁድ ነው፣ ለገሃር አካባቢ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ጎትቻለሁ፤ እስከ ምሳ ሰዓት የመጣውን እመልሳለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጋራዥ ያሠራሁት መኝታ ያለው ተሳቢ አለኝ፤ ከነዕቃው 1,300 ኪሎ ይመጣል። በናፍጣ ፒካፕ ጎትቼ ከቤተሰቤ ጋር ባህር ዳር ልሄድ ነው። ዳገቱን ትችለዋለች?

መልስ፦ ዳገቱን ተወው። ዳገት ያቃታት መኪና ትቆማለች፣ በቃ። እኔን የሚያስፈራኝ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ነው። መኪናህና ተሳቢው ተደምረው 3.5 ቶን ቢሆኑና 1,300 ሜትር ቁልቁል ብትወርድ፣ የሚፈጠረው ሙቀት ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያን ሁሉ የፍሬን ሸራው ብቻውን ይሸከመው?

ማርሽ የሚቀነሰው አፋፉ ላይ ነው፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር። ሁለተኛ አስገባ፤ ሞተሩ ይጩህ፣ ግድ የለም። ፍጥነት እየጨመረ ሲመጣ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ቀንስና እግርህን ሙሉ በሙሉ አንሳ፤ ሸራው ይተንፍስ። ሸራ የሚያነደው እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መንሸራተት ነው። እዚያ ሸለቆ ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ ተጨማዷል፤ ተሳቢህ ሲዘል አትደንግጥ፣ ቀድመህ ፍጥነት ቀንስ።

ወጣት ሳለሁ በአራተኛ ጀመርኩት። ወደ ሦስተኛ ልመልስ ስል ማርሹ ወጣ፣ አልገባም አለ። ፍሬኑን ብረግጥ አይዝም። መንገዱ ትንሽ ለጥ ሲል ረዳቴ ታኮውን፣ ጎማ ሥር የሚደረገውን ማገጃ፣ አቅፎ ዘለለ፤ እየሮጠ ጎማው ሥር ወረወረው፣ ጎማው ዘሎት አለፈ። አንስቶ ደገመው፣ አሁንም ዘለለው። በሦስተኛው ቆምን። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ እኔ ከመሪው እጄን ማላቀቅ አቃተኝ።

ጥያቄ፦ በፍሪ፣ ማርሽ ሳላስገባ፣ ብለቃት ነዳጅ አይቆጥብም?

መልስ፦ አይቆጥብም። የዛሬ ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል። ፍሪ ስታደርጋት ግን እንዳትጠፋ መጠጣት አለባት። ሞትህን በገንዘብህ እየገዛህ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ኦቶማቲክ ናት ጋሼ። እንዴት ነው የምቀንሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንሻው አጠገብ «2» ወይም «ኤል» አለ፤ በአንዳንዷ የመቀነስ ምልክት ነው። አፋፉ ላይ ቀይሪው። «ዲ» ላይ ትተሽ ከወረድሽ ራሷ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ትሄድብሻለች።

ጥያቄ፦ ተሳቢዬ ከ80 በላይ ስነዳ እንደ እባብ ይጥመለመላል።

መልስ፦ ከኋላ ከብዷል። ከተሳቢው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት፤ 1,300 ኪሎ ከሆነ ከ130 እስከ 195 ኪሎ። እህል በረንዳ ሚዛን ያለው ነጋዴ ለምነህ ከፊት ያለውን ጫፍ አስቀምጠው፣ ታየዋለህ። ውሃውንና ጄኔሬተሩን ወደ ፊት፣ ከጎማው ትንሽ ቀደም አድርጋቸው። መጥመልመል ከጀመረ ፍሬን አትርገጥ፣ መሪም አትታገል፤ ነዳጁን ልቀቅና ቀጥ አድርገህ ያዝ።

ጥያቄ፦ መካኒኩ የፍሬን ዘይት ቀይር ይለኛል፣ ግን ሙሉ ነው።

መልስ፦ ሙሉ መሆኑ አይደለም ጉዳዩ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። መካኒክህ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ በጣርማ በር ወደ ደሴስ?

መልስ፦ እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ 30 ያህሉን ያጣል። በጊዜ ማርሽ ቀንስና ከከባዶቹ ኋላ ተሰለፍ። ሙቀቱ ከወጣ ኤሲ አጥፋ፣ ማሞቂያውን ክፈት። የራዲያተር ክዳን ግን እንዳትነካ፤ ስትከፍተው ግፊቱ ወጥቶ ውሃው ፈልቶ ይገነፍልብሃል፤ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ እዚያ ደግሞ ከዚያም በታች። ጉም ስላለና ዋሻው ስለሚጨልም የተሳቢው የኋላ መብራት መሥራቱን ወርደህ እይ።

ጥያቄ፦ እየነዳሁ ልጆቹ ተሳቢው ውስጥ ቢተኙ?

መልስ፦ በፍጹም።

ጥያቄ፦ የት ልለማመድ?

መልስ፦ እሁድ ንጋት ላይ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ይዘህ ወደ ለገሃር ውረድ። በሁለተኛ፣ ፍሬን ሳትነካ የት ድረስ እንደምትደርስ እይ። ታች ስትቆም መዳፍህን ገልብጠህ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ተጣብቋል ወይም የጎማው ኩሽኔታ እየተበላ ነው። ውሃ ግን አታፍስበት፣ የጋለው የፍሬን ታምቡር ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ታኮ ከምን ይሠራ?

መልስ፦ ከደረቀ ወፍራም ባህር ዛፍ፣ በሰያፍ የተቆረጠ። ሁለት ያዝ። ገመድ እሰርበት፤ ስትነሳ ረዳትህ ጎማ ሥር እጁን እንዳይሰድ።