ካርቡራተሩን ከመፍታትህ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። በፈረንጆች 1972 የተሰራች ቮልስዋገን ኮምቢ አለችኝ፣ ውስጧ አልጋና ማብሰያ ያላት፣ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዘው 1600 ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለች ቶሎ ትነሳለች፣ ስትሞቅ ግን ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ የምትዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) አትይዝም፣ መብራት ላይ ስቆም ትጠፋለች። ቤንዚን ስረግጥም መጀመሪያ ታንቅና ነው የምትሄደው። ካርቡራተሩ ላይ ያሉትን ብሎኖች ሁሉንም እያጠበቅኩ እየፈታሁ ሞክሬያለሁ፣ አሁን ጭራሽ ባሰባት። አዲስ ካርቡራተር ልግዛ ወይስ የውስጡን መጠገኛ ኪት (ጋስኬትና ላስቲኮቹን) ቀይሬ ልሞክር?

መልስ፦ ወንድሜ ምንም አትግዛ፣ ካቻቢቴውንም ለጊዜው አስቀምጠው። ካርቡራተር ማለት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያልሰራው ወንጀል የሚለጠፍበት እቃ ነው፣ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሶስቴ ፈትቼ አጥቤ ገጥሜ ስናደድ ከርሜ ለካ ጥፋቱ የፑንቲናው (መብራቱን እያቋረጠ ለካንዴላ እሳት የሚያስወጣው እቃ) ክፍተት ጠቦ ኖሯል። ስለዚ መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የቫልቩን ክፍተት አስተካክል፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፑንቲናው 0.4 አካባቢ ይሁን፣ ካንዴላዎቹን አውጥተህ እያቸው፣ ከዛ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚወጣበትን ሰዓት) ያዝ። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡራተር መነካካት ልፋት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምልክቱ እንምጣ። ቀዝቃዛ ላይ ጥሩ ሆና ስትሞቅ የምትጠፋው ለምን መሰለህ፣ ጠዋት ቾኩ ቤንዚን ያበዛላታል ሚኒሞውንም ከፍ አርጎ ይይዝላታል፣ ጉድለቷ ይሸፈናል ማለት ነው። ቾኩ ሲከፈት ግን ገመናዋ ይወጣል። ስለዚ ወይ የሆነ ቦታ ያልተፈቀደ አየር እየገባ ነው፣ ወይ የሚኒሞው ቤንዚን መንገድ ተዘግቷል።

ከቀላሉ ጀምር። ካርቡራተሩ ጎን ላይ አንድ ሽቦ የገባባት በኤሌክትሪክ የምትሰራ ትንሽ ቫልቭ አለች፣ ቁልፉን ክፈትና ሞተሩን ሳታስነሳ ሽቦዋን ንቀል መልሰህ ንካት፣ ቀጭ ማለት አለባት። ዝም ካለች ወይ መብራት አልደረሳትም ወይ ሞታለች፣ ያኔ ሚኒሞ የሚባል ነገር እርሳው። ቀጭ ካለች ደግሞ የሚኒሞዋን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አውጥተህ በአየር ንፋ። በሽቦ እንዳትወጋት አደራ! ቀዳዳዋ ከሰፋ አለቀላት።

ከዛ አየሩን ፈልግ። ካርቡራተሩ የተቀመጠበት ጋስኬት፣ ማኒፎልዱን (ቅልቅሉን ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ) ከሁለቱ ጎን ጋር የሚያገናኙት ላስቲኮች (እነሱ ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ)፣ የቫኪዩሟ (በሞተሩ መሳብ የምትሰራው) ቀጭን ቱቦ። ብዙ ሰው እነዚህ ላይ የካርቡራተር ማጽጃ ይረጫል፣ እኔ በጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት አልወድም፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አርቀህ ትንሽ ውሃ እፍ እፍ አርግበት፣ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው ቀዳዳው። የቤንዚን መስጫው ዘንግ ካርቡራተሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ከዛም አየር ይገባል፣ እሱን ኪት አያድነውም፣ ቡሽ (ዘንጉን የሚይዝ ቀለበት) ማስገባት ነው ወይም መቀየር።

ማነቁን በተመለከተ፣ ሞተሩን አጥፋና የአየር ፊልትሮውን አንስተህ ከላይ ወደ ውስጥ እያየህ ቤንዚን መስጫውን በእጅህ ሳብ። ወዲያው ቀጥ ያለ ቤንዚን መርጨት አለበት፣ ካልረጨ ወይም ከዘገየ ብዙ ጊዜ የማጣደፊያው ፓምፕ ዲያፍራም (ስስ ላስቲኩ) ተቀዷል፣ ኪት የሚጠቅምህ እዚህ ጋ ነው። ጥሩ እየረጨም የምታንቅ ከሆነ ዲስትሪቢዩተሩን እይ። የቫኪዩም ቱቦ የሌለው ቦሽ 009 የሚባለው ከተገጠመላት ከዚህ ካርቡራተር ጋር ማነቅ የታወቀ ጠባዩ ነው፣ ቫኪዩም ባለው ስትቀይረው ብዙ ጊዜ ይለቃታል።

ብሎኖቹን ደግሞ እንዲህ መልሳቸው፣ ያንተ ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ነው ብዬ ነው የምነግርህ። ቾኩ ሙሉ ተከፍቶ እያለ፣ የቤንዚን መስጫው እጀታ ላይ ያለችው ብሎን የቾኩን ባለ ደረጃ ክፋይ ዝቅተኛ ቦታ ነክታ ሩብ ዙር ብቻ ትለፍ፣ ከዛ በኋላ ሚኒሞ ለማስተካከል እሷን አትንካ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው፣ ያንተም የባሰባት በሷ ይመስለኛል። ጎን ላይ ካሉት ሁለቱ ትንሿ የቅልቅሉ ናት፣ ቀስ ብለህ እስክትነካ ዝጋትና ሁለት ዙር ተኩል ክፈታት። ትልቋ የፍጥነቱ ናት፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በሷ በደቂቃ 850 ወይ 900 ዙር ላይ አምጣው። ከዛ ትንሿን እያዞርክ ሞተሩ በጣም የፈጠነበትን ቦታ ፈልግ፣ ፍጥነቱን ደግሞ መልሰህ በትልቋ። እንዲህ አርገህ ትንሿ ምንም ለውጥ ካላመጣች የአየሩን ፍለጋ እንደገና ጀምር።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ያለችው ኮምቢ ደግሞ ቆማ ካደረች በኋላ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ጭሷም ጥቁር ነው። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ ሽታው የሚመጣበትን ሳታገኚ ቁልፉን ከፍተሽ አታስነሺያት። የነዚህ ሞተሮች ብሎክ ማግኒዚየም ያለበት ነው፣ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋቱ ከባድ ነው። መጀመሪያ ቱቦዎቹን በእጅሽ እጠፊያቸው፣ ከደረቁ ወይ ከተሰነጠቁ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን የሚችሉ አዲስ ግዢ። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት የናስ ቱቦም ስትነካ የምትነቃነቅ ከሆነ መኪናዋ ትቁም፣ እሷ ስትወልቅ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ነው የሚፈሰው። ጥቁር ጭሱ ግን ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው መርፌ ቤንዚኑን አልዘጋ ብላ ወይም ቾኩ ሳይከፈት ቀርቶ ነው። ዘይቱንም አሽትቺው፣ ቤንዚን ከሸተተ የቤንዚን ፓምፑ ዲያፍራም ተቀዶ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፑን ሰርተሽ ዘይቱን ሳትቀይሪ አንድ ኪሎ ሜትርም እንዳትነጂያት።