ግማሽ አጣና የት አለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለቤት መሥሪያ አጣና ልገዛ ሄጄ ነበር። ክምሩ ከታች 20፣ ከላይ 5 ነው። ወደ ላይ በየረድፉ አንድ አንድ ይቀንሳል። ሻጩ «200 ነው» አለኝ። እኔ በ12ኛ ክፍል ፎርሙላ ሳሰላው 187 ተኩል መጣብኝ። እየሸወደኝ ነው እንዴ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሰውየውን ተወው፣ ልክ ነው። ለመሆኑ ክምር ላይ ግማሽ አጣና አይተህ ታውቃለህ? ያ «ተኩል» ሲመጣ ነበር መጠርጠር የነበረብህ።

ፎርሙላውን እርሳውና ክምሩን አስብ። ከጎኑ እሱኑ የመሰለ ሌላ ክምር ተገልብጦ ቆሟል እንበል። የታችኛው 20 ከ5 ጋር ይገጥማል። ቀጥሎ 19 ከ6፣ ከዚያ 18 ከ7። የትኛውም ረድፍ ሲደመር 25 ነው። ረድፉ 16 ስለሆነ፣ 16 ጊዜ 25፣ 400። ይሄ የሁለት ክምር ነው፤ የአንዱ 200። የተማርከው «የመጀመሪያው ሲደመር የመጨረሻው፣ በብዛቱ ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል» ይኸው ነው።

አንተ ከ20 ላይ 5 ቀንሰህ 15 ረድፍ ብለሃል። 15 ግን የቀነሰበት ጊዜ ብዛት ነው እንጂ የረድፉ አይደለም። ከ5 እስከ 7 በጣትህ ቁጠር፦ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሦስት ናቸው። ብትቀንስ ግን 2 ነው የምታገኘው። ስለዚህ ቀንሰህ 1 ጨምር።

አትፈር፤ እኔም ስንት ዓመት ሂሳብ አስተምሬ ተሸውጃለሁ። 30 ሜትር አጥር፣ በየ2 ሜትሩ አንድ ቋሚ። 15 ገዛሁ። መጨረሻው ጥግ ባዶ ቀረ። ለአንዲት አጣና ብዬ ተመልሼ ሄጄ ለጋሪው የከፈልኩት ከአጣናዋ በለጠ።

ካላመንከኝ በሌላ መንገድ ሞክረው። ክምሩ እስከ አንድ ድረስ ቢሾጥጥ ኖሮ ከ1 እስከ 20 ይደመር ነበር፤ 20 ጊዜ 21 ለ2፣ 210። የጎደለው ጫፉ ነው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፤ ድምሩ 10። ቀንሰው።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን እያንዳንዱ አጣና ከሥሩ ባሉት በሁለቱ መሀል ከተቀመጠ ነው። ግራና ቀኝ በካስማ የተያዘ ክምር ላይቀንስ ይችላል። ቀጫጭኑ ከወፍራሙ ከተደባለቀም ረድፉ ይዛባል። ያኔ እጅጌህን ሰብስብና አንድ በአንድ ቁጠር።