መልስ፦ ከቤት ኅብረቱ (በቤት ከሚሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ትንሽ ቡድን) የቀረችውን እህት በተመለከተ

"አንዲት አባላችን ወር ሙሉ ቀረች፣ ስልክም አታነሳም" ላልከው፦ መደወሉን ተውና ቤቷ ሂድ። ብቻህን ግን አይደለም፤ ከቡድኑ የምትቀርባትን እህት ይዘህ ሂድ።

"ለምን ቀረሽ?" ብለህ አትጀምር፤ ክስ ይመስልባታል። ቡናው እስኪፈላ ስለ ልጆቹ ተጫወቱ፣ ራሷ ታወጣዋለች። እዚህ ደብረ ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚወጣው የእምነት መዛል ሳይሆን የፋብሪካ ፈረቃ፣ የታመመ ልጅ ወይም የቤት ኪራይ ነው። ፈረቃ ከሆነ የኅብረቱን ቀን ቀይሩ። ሌላው ቢያጉረመርምም ያጉረምርም!

ኪራይ ከሆነ ግን ከኪስህ አውጥተህ አትዝጋው፤ አበዳሪና ተበዳሪ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። እሷን አስፈቅደህ ለዲያቆናቱ ንገር። በሐዋርያት ሥራ 6 ሰባቱ አገልጋዮች የተመረጡት የመበለቶቹ የዕለት እርዳታ ስለተጓደለ ነበር፤ ሁሉን አንድ ሰው ይሸከም አልተባለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የነገረችህን "የጸሎት ርዕስ" ብለህ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንዳትለጥፍ። የማውቀው አንድ ወንድም የትዳሩ ጉዳይ እንዲህ ተለጥፎ ገበያ መሃል ሰው ጠየቀው፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። "ስም አልጠራሁም" ማለትም አያዋጣም፣ በትንሽ ቡድን ማን እንደቀረ ሁሉም ያውቃል።